ባልና ሚስት የማይነጋገሩበት ዕዳ



በየጉባኤያችን ስለ ገንዘብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ አሥራት ነው። መልካም ነው። ዛሬ ግን አሥራቱ ከወጣ በኋላ ስለሚቀረው፣ ይልቁንም ባልና ሚስት ሳይነጋገሩበት በቤት ውስጥ ስለሚከማቸው ዕዳ እንነጋገር።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ያለችውን መበለት ሁላችንም እናውቃታለን። ስለ ዘይቱ ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ስለ ሟቹ ግን እምብዛም አይሰበክም። ሰውየው ከነቢያት ልጆች ወገን ነበረ። እግዚአብሔርን ይፈራ እንደ ነበረ ሚስቱ ራሷ ለኤልሳዕ መስክራለታለች። እንዲህም ሆኖ ዕዳ ትቶ ሞተ፤ ባለ ዕዳውም ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። እግዚአብሔርን መፍራቱ ዕዳውን አልሰረዘለትም። ነቢዩ በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት፤ ዘይቱ ከበዛም በኋላ ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍልና በቀረው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በመጀመሪያ ያለው ነገር ታወቀ፣ ቀጥሎ ዕዳው ተከፈለ፣ ኑሮው በቀረው ሆነ።

እህቴ ሆይ፣ ባለቤትሽ ለማን ስንት ብር እንዳለበት ታውቂያለሽ? ወንድሜ፣ አንተስ ሚስትህ በስንት ዕቁብ ውስጥ እንዳለችና የትኛው ቀድሞ እንደ ወጣላት ታውቃለህ? ለምክር ወደ እኛ የሚመጡ ባልና ሚስት ጨዋታውን የሚጀምሩት በሌላ ነገር ነው፤ በዘመድ፣ በማምሸት፣ በንግግር አለመጣጣም። ሻይ ከተጠጣ በኋላ ገንዘቡ ይወጣል።

ከደመወዝተኛው እንጀምር። ባል “ደመወዜ 12,000 ብር ነው” ብሎ ከተናገረ ሚስት በ12,000 ብር ታስባለች። እጁ ላይ የሚደርሰው ግን ያ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው እየጨመረ በሚሄድ መጣኔ ከ15 እስከ 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዚህ ስሌት ከ12,000 ብር 2,250 ብር ግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 840 ብር ደግሞ ለጡረታ ይቆረጣል። የሚቀረው 8,910 ብር ነው። ሚስት የማታውቀው 3,090 ብር “የት ሄደ?” የሚል ጥርጣሬ ይወልዳል፤ ባልም “አታምነኝም” ብሎ ይቆጣል። መፍትሔው የደመወዙን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ማኖር ብቻ ነው። (አሥራቱ ከ12,000 ነው ወይስ ከ8,910 የሚለውን ክርክር ለሽማግሌዎች እንተወው። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ በደስታ ስጡ።) በግል ድርጅት የምትሠሩ ደግሞ አሠሪያችሁ ከእናንተ የቆረጠውንና ከራሱ የሚጨምረውን 11 በመቶ ለጡረታ ገቢ ማድረጉን ጠይቁ። መጠየቅ አለመታዘዝ አይደለም።

ሱቅ ያላችሁ ቅዱሳን ችግራችሁ ይለያል፤ የእናንተ ደመወዝ መሳቢያው ነው። ለሽንኩርትም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለለቅሶም ከዚያው ይወጣል። ማታ የተቆጠረው ብር ሁሉ ትርፍ ይመስላል። አንድ ካርቶን ዕቃ በ2,000 ብር ገዝታችሁ በ2,300 ሸጣችሁ እንበል። ሦስት መቶውን ቤት በላው። አከፋፋዩ ጋ ስትመለሱ ያው ካርቶን 2,500 ከሆነ አምስት መቶ ብር ጎድሎባችኋል፤ ቤታችሁ የበላው ትርፉን ሳይሆን ካርቶኑን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጡ ብዙዎች መደርደሪያቸው ቀስ በቀስ የሳሳው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ባለ ሱቁ ለራሱ ደመወዝ ይቁረጥ፤ ትንሽም ቢሆን በወር አንድ ቀን ይውሰድ፤ የቀረው የዕቃው ነው። ሚስትም ከመሳቢያው አትውሰድ፤ ባልም እንደዚሁ።

ዕቁብን የሚነቅፍ ሰው አለ፤ እኔ አልነቅፈውም። እናቶቻችን ቤት ያቆሙበት ነው። ነገር ግን ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ሃያ ሰው በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል፣ መጀመሪያ የወጣለት 20,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሯል፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ሳምንት ይከፍላል። መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ያለ ወለድ ቆጥቧል። ስለዚህ የወጣ ዕቁብ ዕዳ ነው፤ በዕዳ መዝገብ ይጻፍ። በስልክ የሚገኘው ብድርም እንደዚሁ። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር መላና እንደኪሴ የተባሉትን ብድሮች ካመጣ ወዲህ፣ ሰው ዋስ ሳይጠራ፣ ከአልጋው ሳይነሣ፣ ሚስቱ አጠገቡ ተኝታ ሳለች መበደር ችሏል። አገልግሎቱ ለቸገረው ነጋዴ ጠቃሚ ነው። የሚያሳስበኝ ማንም የማያየው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ዋስትና። በእኛ አገር ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ዋስ ይጠየቃል፣ ብድር የሚወስድም እንዲሁ። የሚለምነው ደግሞ አብሮን የሚዘምር ወንድም ነው። “እምቢ” ማለት ፍቅር ማጣት ይመስለናል። መጽሐፈ ምሳሌ ግን በምዕራፍ 6፣ 11 እና 22 ደጋግሞ ስለ ዋስነት ያስጠነቅቃል፤ ለሌላ ሰው ዋስ የሆነውን፣ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጥ ፈጥኖ ራሱን እንዲያስለቅቅ ይመክረዋል። ይህን የጻፈው ሰው ፍቅር አልጎደለውም።

ሕጉም ከትዳር ጎን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ላይ፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። (ይህ የፌዴራሉ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።) በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 መሠረት ደግሞ የገንዘቡ ከፍተኛ ልክ ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ብዕር ከማንሣትህ በፊት ስንት ብር እንደ ተጻፈ አንብብ፤ ቤትህም ሂድና “ሰውየው ባይከፍል ይህን ብር ከየት እንከፍላለን?” ብለህ ሚስትህን ጠይቃት። መልስ ከሌላችሁ አትፈርም። “ከባለቤቴ ጋር ተማክረን አልተስማማንም” ማለት የሚያሳፍር ንግግር አይደለም። ወንድምህን መርዳት ከፈለግህ፣ ሁለታችሁ የምትችሉትን ያህል አስባችሁ እንደማይመለስ አድርጋችሁ ስጡት።

ይህን ከጻፍኩ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚከፋው ካለ ይቅር ይበለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ በጉባኤ መካከል ተነሥቶ ቃል የሚገባ ባል አለ። ሕዝቡ ሃሌ ሉያ ይላል፤ ሚስት ከሴቶች ወንበር ላይ ሆና የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ ታስባለች። ከላይ ያነሣሁት አንቀጽ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ገንዘብ በስጦታ ለመስጠት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ናትና ይቅር አይልም። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥር አስተምሯል። ቆጠራው በቤት ይሁን። መጋቢዎችም ቃል የሚያስገቡ ከሆነ ቅጹን ወደ ቤት ስጧቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ ይመልሱታል። የሚሰበሰበው ቃል ያንስ ይሆናል፤ የሚከፈለው ግን አያንስም።

ልጆች ከተኙ በኋላ በአንድ ምሽት ሁለታችሁ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። በአንድ ወገን ያላችሁን ጻፉ፤ የባንክ ደብተሩን፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን፣ በሱቁ ያለውን ዕቃ፣ በዱቤ ደብተሩ ላይ የቀረባችሁን ሰው ሁሉ። በሌላው ወገን ያለባችሁን፤ ያልተጣለውን ዕቁብ፣ የስልኩን ብድር፣ የፈረማችሁትን ዋስትናና ልኩን፣ ያልተከፈለውን የስጦታ ቃል። አንዳችሁ ያልሰማችሁት ነገር ቢወጣ በዚያ ምሽት ለምን ብላችሁ አትከራከሩ፤ መጀመሪያ ጽፋችሁ ጨርሱ። ከዚያ ከሁሉ ትንሹን ዕዳ መርጣችሁ የሚከፈልበትን ወር ከጎኑ አስፍሩ። ሁለታችሁም ፈርሙበትና ከጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁ ጋር አስቀምጡት።