አምስተኛው ሳምንት ላይ

«እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም፤ ተውኩት» አለኝ ወዳጄ። ያዘዝነው ቡና ገና አልደረሰም።

«ምኑን ነው የተውከው?»

«ዕቅዱን ነዋ! ዘጠኙን ሳምንት። አምስተኛው ላይ ሃያ ደቂቃ ሳታቆም ሩጥ ይላል። ግማሹን እንኳ ሳልሮጥ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ፤ ሲሻለኝ ቅልጥሜን አመመኝ፤ አሁን ደግሞ ክረምቱ ገባ። በቃኝ።»

ይህን ዕቅድ አውቀዋለሁ። ጆሽ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ነው፤ ሮጠው ለማያውቁ ሰዎች ብሎ። በሳምንት ሦስት ቀን ያስወጣሃል፤ መድረሻው 5 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ እያፈራረቁ መሄድ ብቻ ነው። አምስተኛው ሳምንት ላይ ግን ጠባዩ ይለወጣል። በመጀመሪያው ቀን አምስት አምስት ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በሁለተኛው ስምንት ስምንት ደቂቃ ሁለት ጊዜ ያስሮጥህና በሦስተኛው ቀን 20 ደቂቃ ባንዴ ይልሃል።

«አየህ! ማን ይችለዋል?»

«ስድስተኛውን ሳምንት ከፍተህ አይተኸዋል?»

«እዚያ መች ደረስኩና!»

አይተኸው ቢሆን ኖሮ ትረጋጋ ነበር። የስድስተኛው ሳምንት የመጀመሪያ ቀን አምስት፣ ስምንት፣ አምስት ደቂቃ ነው፤ በየመሃሉ ሦስት ሦስት ደቂቃ እርምጃ አለው። ሃያ ደቂቃ ያስሮጠህ ዕቅድ ራሱ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ኋላ ይመልስሃል። ወደ ኋላ መመለስ ልምምዱ ውስጥ አብሮ የተጻፈ ነገር ነው። አንተ ግን እንደ ሽንፈት ቆጠርከው።

ደግሞ የት ሆነህ እንደምትሮጥ አስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል። ተወልደህ ብታድግባትም፣ ለዓመታት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውነት ሩጫ ሲጀምር ይህ ይሰማዋል። ስለዚህ ሃያው ደቂቃ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢዘገይብህ ምን አለበት? ዘጠኙ ሳምንት አሥራ አራት ቢሆን ማንም አይቀጣህም።

«ስትሮጥ ማውራት ትችል ነበር?» አልኩት።

«ኧረ የት! የክለብ ልጆች እያለፉኝ ሲሄዱ አፍሬ ፍጥነት ጨመርኩ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጠዋት ጃን ሜዳ ወይም እንጦጦ የወጣ ጀማሪ ዓለም ከሚያውቃቸው ሯጮች ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይውላል። ያስፈራል፤ አልክድም። ግን እነዚያው ልጆች ቀለል ባለው ቀናቸው ጫካ ውስጥ ተከታትለው እንዴት በዝግታ እንደሚሮጡ ልብ ብለህ ታውቃለህ? ለጀማሪ ትክክለኛው ፍጥነት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ የሚሮጡበት ነው። ካልቻልክ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ እርምጃህን አሳጥር፣ ቀስ በል። ሃያ ደቂቃውን የሚያስጨርስህ ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

«ቅልጥሜስ?»

«የት ጋ ነው የሚያምህ?»

«በውስጠኛው ጎን፣ ከላይ ወደ ታች። ስሞቅ ይተወኛል፤ ከሮጥኩ በኋላ ይመለሳል።»

ይህ የጀማሪ ሕመም ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራውን ይለምዱታል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሽህ «ጨምር» ሲልህ እግርህ ገና አልደረሰም። ጥቂት ቀን አርፈህ፣ ከአስፋልቱ ወደ ሣርና አፈር ውረድ፣ ያለቀ ጫማህን ቀይር። ሕመሙ በአንድ ጣት ልታሳየው የምትችል አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ወይም ተኝተህም የሚጠዘጥዝህ ከሆነ ግን አትሩጥ፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ። አጥንት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና በዚህ ጀግንነት የለም። ጉንፋኑም እንዲሁ ነው፤ ትኩሳት ካለህ ወይም ደረትህ ውስጥ ከገባ ትተኛለህ። አንድ ሳምንት በመተኛት የሚጠፋ ጉልበት ከቁም ነገር አይቆጠርም።

ክረምቱን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጠዋቱን ተጠቀምበት። ፍልሰታን የምትጾም ከሆነ ደግሞ ሩጫውን ወደ መፍቻው ሰዓት አስጠጋውና አሳጥረው።

«ለሩጫ አልተፈጠርኩም» ላለው ግን ቀነኒሳ በቀለን አነሳሁለት። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ በ5,000ም በ10,000 ሜትርም የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ሰው፣ የባት ጉዳት የ2010ን የትራክ ውድድር ሙሉ በሙሉ አሳጣው። በ2011 ዴጉ ላይ 10,000ውን አቋርጦ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ 26:43 ገባ፤ የዚያ ዓመት ፈጣኑ ሰዓት ሆነ። በ2018 አምስተርዳም ላይ ማራቶኑን ሳይጨርስ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በ37 ዓመቱ በርሊንን በ2:01:41 አሸነፈ፤ ለዓለም ክብረ ወሰን የቀረው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር።

«እሱማ ቀነኒሳ ነው!»

ነው። ግን አቋርጦ መውጣት እሱም ላይ ከደረሰ፣ አንተ ላይ መድረሱ ለሩጫ አልተፈጠርክም ማለት አይሆንም።

«ታዲያ ከየት ልጀምር? ከአንድ?»

ከአንድ አይደለም። ያለህን ሁሉ አልጣልክም። ከአራተኛው ሳምንት ጀምር፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሦስት፣ አምስት ደቂቃ፣ በየመሃሉ እርምጃ። እዚያም ከከበደህ ወደ ሦስተኛው ውረድ። አንዱን ሳምንት ያለ ሕመም እስክትጨርስ ደጋግመው፤ ከዚያ ቀጥል። በኅዳር ታላቁ ሩጫ አለ፤ 10 ኪሎ ሜትሩን ከፊሉን በእርምጃ የሚጨርስ ሰው ሞልቷል። ጊዜ አለህ።

ዝም ብሎ ቡናውን ጠጣ። «ማክሰኞ አብረኸኝ ትወጣለህ?» አለኝ። እወጣለሁ አልኩት።

እናንተም ጠዋት የምትሮጡ፣ በመንገዳችሁ ትንፋሹ ያጠረውን ጀማሪ ስታልፉት «አይዞህ፣ በርታ» በሉት።