የቤት እሳት ዋጋና የተሸሸገ ሒሳብ

በቤት ወጪ ውስጥ ቀን የማይሰጠው የእሳት ወጪ ነው። ልብስ ቢያረጅ ተጥፎ ይከርማል፤ አጥር ቢፈርስ እስከ በጋ ይታገሡታል። ምጣድ ሳይግል ግን እንጀራ አይገኝም፤ ውሃም ሳይፈላ ለአራስና ለሕፃን የሚሆን ነገር የለም። ስለዚህ የከሰል፥ የነዳጅና የኤሌክትሪክ ዋጋ በጨመረ ጊዜ ማጀቱ ከአደባባዩ አስቀድሞ ይቆጣል።

ሰው የተቆጣበትን ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባል። እኛ በችሎት ጽሕፈት የምንኖር ሰዎች የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል መጻፍ የዕለት ሥራችን ነው። ከሳሽ ድምፁን ከፍ ስላደረገ አይረታም፤ ተከሳሽም ዝም ስላለ ነጻ አይወጣም። ዳኛ የሚጠይቀው፥ የተወሰደው ምን ያህል ነው፥ የወሰደውስ ማን ነው፥ በምን መብት ወሰደው ብሎ ነው። የእሳትንም ዋጋ በዚሁ ሥርዓት እንመርምረው።

አስቀድመን የዋጋውን መጠን እንናገር። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. ክረምት 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበረ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ናፍጣም አብሮ ወጣ። ይህ የባለ መኪና ጉዳይ ነው እንዳይባል፥ ከእንጅባራ ከሰል፥ ከዳንግላም እህል የሚጫነው በመኪና ስለ ሆነ፥ የነዳጁ ዋጋ ዞሮ ከምድጃው ይደርሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወሰነ። በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማያልፍ ቤት ቀድሞ ለብዙ ዓመት የከፈለው ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከ28 ሳንቲም ያነሰ ነበር።

ለዚህ ጭማሪ የሚሰጠው ምክንያት ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ትራንስፎርመሩና ሽቦው የሚገዛው በውጭ ገንዘብ ነው። ደግሞም ርካሽ ኤሌክትሪክ የሚጠቅመው ገመዱ ደጁ የደረሰለትን ሰው ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ሰብ አብዛኛው ገና የሚያበስለው በእንጨት፥ በኩበትና በከሰል ስለ ሆነ፥ የኤሌክትሪክ ርካሽነት ለእርሱ በሩቅ የሚታይ የጎረቤት ድግስ ነው። እንግዲህ ዋጋ መጨመሩ ብቻውን በደል አይደለም። በደሉ የት እንደሚጀምር ለማወቅ፥ ትርፍ ሳያስቆጣ የኖረበትን አገር ማየት ይጠቅማል።

ይህም አገር የአዊ አገር ነው። በአዊ ዞን፥ ይልቁንም በፋግታ ለኮማና በባንጃ፥ ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ደጋውን አልብሶት ኖረ። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጦ ይከምራል፥ በሣርና በአፈር ከድኖም ከሰል ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ መሬቱን መልሶ ያርሳል። አሲድነት የጎዳው መሬትም በዚህ መካከል ያርፋል። ከሰሉ በጆንያ እየሆነ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይጫን ነበር።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ፥ ልጁንም አስተማረ። ጎረቤቱ ይህን ባየ ጊዜ ችግኝ ሊፈልግ ሄደ እንጂ ሊከስ አልሄደም። ለምን ቢሉ፥ ትርፉ ከየት እንደ መጣ በዓይን ይታይ ነበርና ነው። ማን እንደ ተከለ፥ ስንት ዓመት እንደ ጠበቀ፥ ስንት ሌሊት ጭስ ውስጥ ቆሞ እንዳደረ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ድካሙ የታወቀ ትርፍ አይመቀኙትም ማለት ባይቻልም፥ ሌብነት ነው አይሉትም።

ጆንያው ከእርሻው ጫፍ ከተነሣ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደላላ፥ ጫኝ፥ ባለ መኪና፥ ቀራጭ፥ ጅምላ ሻጭና ቸርቻሪ በየተራ ይቀበሉታል። ገበሬው ከሰሉ በከተማ ስንት እንደሚሸጥ በትክክል አያውቅም፤ የከተማዪቱም እመቤት ገበሬው ስንት እንደ ተቀበለ አታውቅም። ሁለቱንም ዋጋ የሚያውቁት በመካከል ያሉት ብቻ ናቸው። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ሁሉ የተሰረቀ ነው አንልም፤ መኪናው ነዳጅ፥ ጫኙም እንጀራ ይሻል። ነገር ግን ወጪው ስንት፥ ትርፉም ስንት እንደ ሆነ ካልተለየ፥ ቅን ነጋዴና ቀማኛ በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህም በቅኑ ነጋዴ ላይ የሚደርስ በደል ነው።

ሌላም ነገር አለ። በቅርብ ዓመታት ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ በዲከረንስ ላይ ወርዶ ብዙውን ዛፍ አደረቀው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ መንገዱን ብዙ ጊዜ ዘጋው። ዛፉ በደረቀ ጊዜ የከሰረው ገበሬው ነው፤ መኪናው ሌላ ጭነት ይፈልጋል፥ ደላላውም ወደ ሌላ ገበያ ይዞራል። እንግዲህ በኪሳራ ቀን ፊተኛ የሚሆነው ሰው በትርፍ ቀን ለምን ኋለኛ ይሆናል? የቁጣው ትክክለኛ ጥያቄ ይህ ይመስለናል።

ይህን ጥያቄ ከእኛ ይልቅ በገሃድ የጠየቁ ሕዝቦች አሉ። በእንግሊዝ አገር በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ወጣ። መካከለኛ ቤተ ሰብ ለጋዝና ለኤሌክትሪክ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ በጥቅምት 2021 ከነበረበት 1,277 ፓውንድ በጥቅምት 2022 ወደ 3,549 ፓውንድ እንዲደርስ ታወጀ። መንግሥትም ከግምጃ ቤት ጨምሮ በ2,500 ፓውንድ ላይ ገታው። በዚያው ዓመት ሼል የሚባለው የነዳጅ ኩባንያ 40 ቢሊዮን ዶላር ያህል አተረፈ። አሮጊቶች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ሲከርሙ ይህ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ተቆጣ፤ መንግሥትም በነዳጅና በጋዝ አውጪዎች ትርፍ ላይ ልዩ ግብር ጣለ።

የኃላፊዎችም ደመወዝ ተጠየቀ። የብሪቲሽ ጋዝ ባለቤት የሆነው የሴንትሪካ ኩባንያ ዋና ኃላፊ ክሪስ ኦሼይ ለ2022 ዓመት 4 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ያህል ተቀብለው ነበር። በጥር 2024 በዚያው አቆጣጠር በቴሌቪዥን ተጠይቀው፥ ይህን የሚያህል ደመወዝ በምክንያት ማስረዳት አይቻልም ብለው መለሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ የወጣው ሒሳብ ግን ለ2023 የተከፈላቸው ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መሆኑን ገለጠ። ልብ የምንለው የገንዘቡን ብዛት ብቻ አይደለም። በገበያ አክሲዮናቸው የሚሸጥ ኩባንያዎች የኃላፊዎቻቸውን ክፍያ አትመው እንዲያወጡ የዚያ አገር ሕግ ያስገድዳቸዋል። በዚህ ምክንያት የሕዝቡ ቁጣ ቁጥር ጠቅሶ መናገር ቻለ፤ ኃላፊውም ቁጥሩን ሊክዱ አልቻሉም።

በእኛ አገር የኤሌክትሪክ ኃይል የግል ኩባንያ ሀብት አይደለም፤ የመንግሥት፥ ማለትም የሕዝብ ሀብት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የመብራት ኃይል ባለ ሥልጣን በየዘመኑ ስሙን እየለወጠ መጥቶ፥ በ2006 ዓ.ም. ኃይል የሚያመነጨውና ለደንበኛ የሚያከፋፍለው ተለይተው ሁለት ድርጅት ሆኑ። በ2002 ዓ.ም. የጣናን ውሃ ወደ በለስ በዋሻ አውርዶ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሥራ ተመረቀ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ለዚህ ግድብ ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፥ ገበሬውም ቦንድ ገዛ። ስለዚህ የአዊ ሰው በኃይል ማመንጫው ፊት ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ባለቤትም ነው። ባለቤት ደግሞ ስንት ልክፈል ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ስንት አተረፍን ብሎም ይጠይቃል። ከጣናና ከበለስ አጠገብ ተቀምጦ በሦስት ጉልቻ ጭስ ዓይኗ የሚጠፋ ሴት ሲያዩ፥ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ከዚህም ጋር ቢትኮይን የሚባለውን የኮምፒውተር ገንዘብ ለሚያወጡ ኩባንያዎች ኃይል በዶላር መሸጡ ብዙ ሰው ያነጋገረ ነገር ነው። ሽያጩ የውጭ ገንዘብ ያስገባል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ያ ዶላር ወደ ስንት መንደር ገመድ እንደ ተለወጠ በግልጥ ቢነገር፥ ሐሜቱ በራሱ ጊዜ ይሞት ነበር።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ ክቡራን አንባብያን ይህን እናሳስባለን። የታሪፍ ጭማሪ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ሌላ ወረቀት አብሮ ይለጠፍ፤ ይኸውም ድርጅቱ በዓመቱ ያገኘውን፥ ያወጣውን፥ በመንገድ የባከነውን ኃይል፥ የኃላፊዎቹን ደመወዝና አበል፥ የሚቀጥለውም መስመር የሚደርሰው ለየትኛው ቀበሌ እንደ ሆነ የሚናገር ይሁን። በዳንግላና በእንጅባራ የሚለጠፈው በአማርኛም በአውኚም ይጻፍ። የከሰልም ዋጋ በአዲስ ቅዳምና በአዲስ አበባ ስንት እንደ ዋለ በየሳምንቱ በራዲዮ ቢነገር፥ ገበሬው ሲደራደር እጁ ባዶ አይሆንም።

ለእመቤቶችም የምንለው አለ። የእሳት ወጪ ከሌላው ተለይቶ በደብተር ይጻፍ፤ ቆጣሪውም ወር በገባ ቁጥር በቤት ሰው ይነበብ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ይስባል። ሁለት ሰዓት ሳይቋረጥ ቢነድ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጋገርበት ቤት በወር 56 ይደርሳል ማለት ነው። እንግዲህ ምጣዱ ብቻውን ቤቱን ከዝቅተኛው የታሪፍ እርከን ያስወጣዋል። የሁለት ቀኑን በአንድ ቀን መጋገር፥ ወይም ጎረቤት ከጎረቤት ተጠባብቆ ምጣዱ እንደ ጋለ መቀጠል፥ የማሟሻውን ኃይል ያተርፋል። በእንጨት ለሚጋግር ቤት፥ ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ግማሽ ያህሉን እንጨት ያድናል፤ ለከሰልም ላቀች የሚባለው ምድጃ ይሻላል።

ሆኖም ቁጠባ የድኻ ግዴታ፥ ትርፍ ደግሞ የሌላ ሰው ምሥጢር ሆኖ ሊኖር አይገባም። ደብተሯን ጽፋ የያዘች እመቤት ከእሷ የሚበልጠውን ደብተር አሳዩኝ ብትል፥ ጥያቄዋ ዐመፅ አይባልም። ሒሳቡ ከተገለጠ በኋላ ዋጋው በእርግጥ የሚገባ ሆኖ ቢገኝ፥ ይህ ሕዝብ የሚገባውን ከፍሎ የሚያድር ሕዝብ ነው።