ዲዛይነር ነው የቀጠራችሁት ወይስ ችግኝ ቆጣሪ?

መንግሥታችን አረንጓዴ ቀለም ወዷል። ይውደድ! አረንጓዴ የሚጠላ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ 353 ሚሊዮን 633 ሺህ 660 ችግኝ ተተከለ ሲባል እልል ያለም ነበር፣ የተጠራጠረም ነበር። እኔን የገረመኝ ግን ሚሊዮኑ አይደለም፤ ያቺ ጭራ ላይ ያለችው 60 ናት። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ግርግር መሀል 60ዋ እንኳ ሳትዘለል ተቆጠረች ማለት ነው። እንዲህ ያለችውን ቁጥር በየቅጹ ላይ የሚሞላት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የደብተር መልክ ያልለቀቀው፣ ትናንት የተመረቀ ጀማሪ ባለሙያ ነው። ዲዛይነር ተብሎ ተቀጥሮ ቆጣሪ የሆነ።

እኔም ስሙን በማልጠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ“ጀማሪ ላንድስኬፕ ዲዛይነር” መደብ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስለቆየሁ፣ የማወራው ከሻይ ቤት የለቀምኩትን አይደለም።

ሹሞቻችን ላንድስኬፕ ሲባል አበባ መደርደር ይመስላቸዋል። ሙያው ግን ከአበባ በፊት ውኃ ነው። አዲስ አበባ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ ራስ ተነስታ እስከ አቃቂ ድረስ ቁልቁል የምትወርድ ከተማ ናት። የሐምሌ ጎርፍ የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚተኛ ሳያውቁ ሣር ማንጠፍ ገንዘብ ወንዝ ውስጥ መጣል ነው። ከዚያ አፈሩ አለ። ወደ እንጦጦ ግርጌ ቀይ ነው፤ በቦሌና በአቃቂ በኩል ደግሞ መረሬ፣ ያ ክረምት አብጦ በጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር፣ የተነጠፈበትን ሁሉ የሚያነሳሳ። አንዱ ሥር የሚሠራ ንድፍ ሌላው ላይ አይሠራም። ይህን ደግሞ ልደታ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ “ሕንፃ ኮሌጅ” በሚለው ግቢም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተምረህ ብቻ አትጨርሰውም። ዝናቡ ባባራ ማግስት ቦት ጫማ አጥልቀህ፣ ካወቀ ሰው ኋላ ኋላ እየተከተልክ የምትማረው ነው። ጀማሪ የሚባል መደብ የተፈጠረውም ለዚህ መስሎኝ ነበር።

የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ይባላል። ማን ምን እንደሚሞክር ግን አይነገርህም። ጠዋት ትፈርማለህ። አውቶካድ የሚከፍተው ኮምፒዩተር አንድ ነው፤ ለስድስት ሰው። ቃለ ጉባዔ ትይዛለህ፤ ባነር ላይ ያለውን ፊደል ታርማለህ፤ የተከላ ቀን ሲደርስ ቲሸርትና ኮፍያ ይታደልሃል፤ ሹሙ አካፋ ይዘው ፎቶ እስኪነሱ ጉድጓዱን ቀድመህ ቆፍረህ ትጠብቃለህ። ከዚያ ሪፖርት! ቅጹ ላይ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ የሚሉ ዓምዶች አሉ። “የጸደቀ” የምትል አንዲት ዓምድም አለች፣ መቼም ከይሉኝታ ነው። እሷን ለመሙላት መኪና ይሰጠኝ፣ ሄጄ ልይ ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ፣ “ያለፈውን ሩብ ዓመት እየውና ትንሽ ጨመር አድርግበት” የሚል ነበር። ችግኙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው የሚያድገው።

ስለ ንድፍ ደግሞ ስሙ። አንድ ቀን የእግረኛ መንገድና የሣር መደብ ንድፍ እንድሠራ ታዘዝኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሜትር ይዤ ቦታው ስደርስ ለካ ንጣፉ ተነጥፏል፣ ሣሩ ተተክሏል፣ መብራቱም በርቷል! የተሠራውን ለክቼ፣ ሊሠራ የታሰበ አስመስዬ እንድሥል ነው የተፈለገው፤ ለክፍያ ሰነድ ወረቀት ጎድሎ ኖሯል። “ቀኑን ባዶ ተወው፣ እኛ እንሞላዋለን” ተባልኩ። ድሮ ጋሪው ከፈረሱ ቀደመ ይባል ነበር፤ እዚህስ ጋሪው ደርሶ ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ነው ፈረስ የሚፈለገው።

ሌላ ጊዜ የአንድ ጎዳና የዛፍ ዝርዝር አቅርብ ተብዬ ወይራና ብሳና ጻፍኩ፤ አገሩን የለመዱ፣ ለእግረኛም ጥላ የሚሆኑ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ለምርቃቱ ይደርሳል?” አሉኝ። አይደርስም። ያደገ ዘንባባ ግን በክሬን ተነስቶ ይደርሳል! ለሆሳዕና ካልሆነ በቀር ዘንባባ ለመንገደኛ ምን እንደሚጠቅመው የሚነግረኝ ባገኝ በወደድኩ። በሚያዝያ ፀሐይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ከሥሩ የሚያገኘው የግንዱን ቀጭን ጥላ ነው፤ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር አብሮ እየዞረ ይቁም።

በዚያ መሥሪያ ቤት ያስተማረኝ ሰው ቢኖር ቢሮ ያልነበራቸው አንድ አትክልተኛ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አባት። “ፕላስቲኩን ቅደድለት እንጂ፣ ከነከረጢቱ ቀብረኸው በቅል ትለዋለህ?” ይሉኝ ነበር። በዘመቻ የተተከለ ችግኝ ከነፕላስቲኩ መሬት እንደሚገባ ያየሁት እሳቸው እየነቀሉ ሲያሳዩኝ ነው፤ ሥሩ መውጫ አጥቶ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ገመድ መስሎ። አንገቱን አፈር አታልብሰው፣ ይበሰብሳል። ውኃ በጠራራ ፀሐይ አታጠጣ፣ ማለዳ አጠጣ። ይህቺ ማዕዘን በነሐሴ ውኃ ትይዛለችና እዚህ ጽድ አትትከል፣ ይሞትብሃል። ይህ ሁሉ በየትኛውም የቢሮ መዝገብ ላይ የለም፤ ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሲወጡ “የሚያስረክቡት ንብረት አለ ወይ?” ተብለው አንድ መቀስ፣ አንድ አካፋና የውኃ ጎማ ቆጥረው አስረክበው፣ ፈርመው ወጡ። የቀረውን የጠየቃቸው የለም።

ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አልልም። በ2012 የተከፈተው የአንድነት ፓርክ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ የተመረቀው የወዳጅነት ፓርክ፣ በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የሚያምሩ ናቸው፤ ልጅ ይዞ መናፈሻ መውጣት ደስ የሚል ነገር ነው። የሸገር ወንዝ ዳር ፕሮጀክትም በ2011 ሲነገር፣ 56 ኪሎ ሜትር በ29 ቢሊዮን ብር ሲባል፣ የተግማማ ወንዝ መጽዳቱን የሚቃወም አልነበረም፤ አንዱ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር የወጣበት እራት ተበልቶለታልና። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚንከባከበው ማነው? በዚያ ሁሉ ገንዘብ ስንት ወጣት ዲዛይነር እጁን ፈታበት?

በ2016 የኮሪደር ልማት ተብሎ ፒያሳ ሲፈርስ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲከተል፣ የተነሳው ሰው ለቅሶ የራሱ ነው፤ እሱን ሌሎች ጽፈውታል፣ ገናም ይጻፋል። እኔ የማነሳው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። በእነዚያ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ባለቤቶቹ በጣሳ ውኃ ያሳደጓቸው ዛፎች ነበሩ። ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት አሥር ጀማሪ ባለሙያ ሜትርና ደብተር አስይዞ፣ “ግቡና የቱ ወይራ ነው፣ የቱ ዝግባ ነው፣ የቱስ መትረፍ ይችላል፣ መዝግቡ” ማለት ስንት ብር ያስወጣል? አንድ ወር አይፈጅም። ግን ሌሊትና ቀን ነው ሥራው! ለዛፍ ቆጠራ ጊዜ የለም፤ ለችግኝ ቆጠራ ነው እንጂ ጊዜ ያለው።

የከተማዋ የ2009 መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቷ 30 በመቶው አረንጓዴ፣ 30 በመቶው መንገድ፣ 40 በመቶው ግንባታ ይሁን ይላል። ጥሩ ነው። ግን በቦቴ ውኃ የሚኖር ሁለት ክንድ ሣርም አረንጓዴ ተብሎ ይለካል፣ የእንጦጦ ደንም አረንጓዴ ተብሎ ይለካል። ልዩነቱን የሚለየው ባለሙያ ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ በመቶኛ ያሰላል። ሲመረው ይለቃል። ከእኔ ጋር ከተቀጠሩት አራቱ ዛሬ አንዳቸውም እዚያ የሉም። ደመወዙ የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ እሱን እንኳ ወጣት ይችለዋል፣ ሥራ አለመማርን ነው የማይችለው።

ላንድስኬፕ ሠልጣኝ እንቀጥራለን የምትሉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ! ለእያንዳንዱ ጀማሪ አንድ መንገድ ወይም አንድ መናፈሻ ለሦስት ክረምት ስጡት፤ ከጎኑ አንድ ያረጀ አትክልተኛ አቁሙለት፤ የሞተውን ቢጽፍ አትገምግሙት። ንድፉንም ከንጣፉ በፊት ይሣል። ከ2011 ጀምሮ የተተከለው በየክፍለ ከተማው፣ በየዛፉ ዓይነት ስንቱ በሕይወት እንዳለም አውጡልን፤ ቲሸርቱን ለብሶ የተከለው ሕዝብ ማወቅ መብቱ ነው። ዝርዝሩ ያለው መሥሪያ ቤት ካለ ወደዚህ ጋዜጣ ይላክ። አንዲት ቃል ሳትቆረጥ ይወጣል፣ 60ዋም ብትኖርበት።