«አይ 7 ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም!

ወገኖቼ፣ በተለይ እኔ ዘንድ ኮምፒውተር የተማራችሁ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቲቸር፣ ያገለገለ ላፕቶፕ አገኘሁ፣ አይ 7 ነው፣ ልግዛው?» ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው ስል መልሱ ያው ነው፦ «እሱን እንኳ አልጠየቅኩም፣ ግን አይ 7 ነው።» ሻጩም ስቲከሩን በጣቱ ያሳያል፣ ዋጋውን ይቆልላል፣ አለቀ።

ኢንቴል «ኮር አይ 7» የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ እዚያው ቆሞ ውስጡ ስንት ጊዜ ተቀየረ! «አይ 7 ነው» ማለት እኮ «ኮሮላ ናት» እንደማለት ነው። ዲኤክስም ኮሮላ ናት፣ የዘንድሮዋም ኮሮላ ናት። በአንድ ዋጋ ትገዟቸዋላችሁ?

ቁጥር ልስጣችሁ። በ2016 የወጣው አይ 7-7500ዩ ያለው 2 ኮር ብቻ ነው። በ2017 የወጣው አይ 5-8250ዩ 4 ኮር አለው። በ2022 የወጣው አይ 3-1215ዩ ደግሞ 6 ኮር አለው፤ 2 ትልልቅ፣ 4 ትንንሽ። አዎ፣ ያ ሁሉም የሚንቀው አይ 3! ያንን አይ 7 ጥሎት ነው የሚሄደው።

ነገሩ የፍጥነት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ ኢንቴል በይፋ አይቀበልም። በጓሮ በር የሚያስገቡ አሉ፣ አውቃለሁ፤ ግን ነገ አፕዴት ለመምጣቱ ዋስትና የለውም። ሊኑክስ የሚጭን ይጫን፣ ግሩም ነው። ዋጋው ግን የአሮጌ ዋጋ ይሁን!

ነጋዴውን ብቻ አልወቅስም። ኢንቴል ራሱ በአንድ ዘመን 2 ኮሩንም 4 ኮሩንም «አይ 7» ብሎ ሸጧል፤ ልዩነቱ ያለው መጨረሻ ላይ በተወሸቀችው ፊደል ነው። ኤኤምዲም ያው ነው። ራይዘን 5 7520ዩ የሚባለው በስሙ 7000 ነው፣ ውስጡ ግን በ2019 የወጣው ዜን 2 ነው።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን የመሥሪያ ቤት ጨረታ ሰነድ ነው። «ኮር አይ 7፣ ራም 8» ብሎ ዝም! ጄኔሬሽን የለ፣ ኤስኤስዲ ይሁን ሃርድ ዲስክ የለ። አቅራቢው በርካሽ ያገኘውን አሮጌ ቢያመጣ በምን ትይዙታላችሁ? የጠየቃችሁትን ነው ያመጣው።

«አንተ ደግሞ አዲስ ግዙ ትላለህ፣ ከየት አምጥተን?» የምትሉ አትጠፉም። አዲስ ግዙ አላልኩም። በዚያው ብር፣ ያገለገለም ቢሆን፣ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ 5 ከኤስኤስዲ ጋር ፈልጉ ነው የምለው። እናት የእቁቧን ብር አውጥታ ለልጇ የምትገዛው ዕቃ ነው። ልጁ ገና ሁለተኛ ዓመት ሳይገባ ማሽኑ ከተንፏቀቀ ያ ብር ማን ኪስ ገባ?

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦

1. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ፤ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፈቱ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስምና የኮሩ ብዛት እዚያ አለ። ስቲከር አትመኑ፤ ስቲከር ይለጠፋል፣ ይላጣል።

2. ከሰረዟ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 4600 ከሆነ 4ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 1215 ከሆነ 12ኛ ጄኔሬሽን ነው።

3. እዚያው ዲስኩን እዩ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ የኤስኤስዲ መቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሱ።

ሻጩ «ይህን ሁሉ ምን አደከመህ፣ አይ 7 ነው እኮ» ካለ ጥላችሁ ውጡ።

ልትገዙት ያሰባችሁትን ሙሉ ቁጥር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ። ዘንድሮ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለሚልክ ወላጅም አድርሱልኝ።