ስድስት መቶ ሲጠበቁ መቶ ኀምሳ

ለአንድ ሥራ የታሰበው ሰውና መሣሪያ ሳይሟላ ቢቀር ሥራው ይቀራል ወይስ ይሠራል? መልሱን ከመስጠታችሁ በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነውን አንድ ነገር ስሙ።

ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 6 ቀን 1944) የተባባሪዎቹ መንግሥታት ጦር ጀርመኖች ይዘውት በነበረው በፈረንሳይ አገር፤ በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ወረደ። እግረኛው ከመርከብ ከመውረዱ በፊት ግን ሦስት የአየር ወለድ ክፍለ ጦሮች፤ ሁለቱ የአሜሪካ አንዱ የእንግሊዝ፤ በጨለማ በጃንጥላና ሞተር በሌለው አውሮፕላን ከጠላት ጀርባ ወርደው ነበር።

በመርቪል መንደር አጠገብ ጀርመኖች አራት መድፎች በወፍራም የሲሚንቶ ግንብ ውስጥ ጠምደው ነበር። እነዚህ መድፎች እንግሊዞች በሚወርዱበት ዳርቻ ላይ እንዳይተኩሱ ተፈራ። ምሽጉን እንዲይዝ የታዘዘው ገና 30 ዓመት ያልሞላው ሌተና ኮሎኔል ቴረንስ ኦትዌይ ከሻለቃ ጦሩ ጋር ነበር።

ነገር ግን በዚያ ሌሊት አውሮፕላኖቹ መንገድ ስተው ወታደሮቹን በየሜዳው በተኑዋቸው። ጀርመኖች ውሃ በለቀቁበት ረግረግ ውስጥ የወደቁት ብዙዎቹ ከነሸክማቸው ሰጠሙ። ኦትዌይ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጠብቆ ቢቆጥር፤ ከ600 ከሚበልጡት ሰዎች የተሰበሰቡት 150 ብቻ ሆኑ። ጂፕ የለም፤ የፈንጂ መፈለጊያ የለም፤ ከባድ መትረየስም አንድ ብቻ ነው። እስከ 11 ሰዓት ተኩል ምልክት ካልታየ ደግሞ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ምሽጉን እንዲደበድብ ታዟል።

ኦትዌይ ባሉት ሰዎች ሄደ። ጥቂቶች ቀድመው በደረታቸው እየተሳቡ ፈንጂውን በእጃቸው እየዳሰሱ አነሡ፤ የመንገድ ምልክት የሚሆን ጥብጣብ ስላልነበራቸው በጫማቸው ተረከዝ መሬቱን እየጫሩ ለሚከተሉት አሳዩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥቃቱ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ምሽጉ ተያዘ። ከ150ዎቹ ሳይቆስሉ የቀሩት ግን 75 ያህል ብቻ ነበሩ። መድፎቹም እንደ ተፈሩት ትላልቅ ሆነው አልተገኙም፤ ጀርመኖችም በኋላ ወደ ምሽጉ ተመልሰዋል። ድል ሁልጊዜ የተሟላ አይሆንም፤ ዋጋውም ከባድ ነው።

እነዚህ ሰዎች እንዴት ቻሉ? በእንግሊዝ አገር ሳሉ የምሽጉን ምሳሌ በልኩ ሠርተው ቀንም ሌሊትም ተለማምደው ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የሥራውን ሁሉ መድረሻ ያውቅ ነበር። ስለዚህ የጎደለውን ሰው ሥራ የተገኘው ሰው ያዘ።

የጽሕፈት ቤት ሥራ ጦርነት አይደለም፤ ማንም አይሞትበትም። ነገር ግን ከሩቅ አገር የመጣ ባለጉዳይ፤ «መዝገቡን የያዘው ሰው ስለሌለ ነገ ተመለስ» ሲባል፤ የአንድ ቀን ስንቁንና የአንድ ቀን ሥራውን ያጣል። ወጣት ሠራተኞች ሆይ፤ ከጎናችሁ ያለው ባልደረባ ምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚሠራ ዛሬውኑ ጠይቁት። ተማሪዎችም ትምህርታችሁን ስትይዙ ለምን እንደሚያገለግል አብራችሁ ያዙ። ሰው የሚጎድልበት ቀን ሳይነግር ይመጣልና።