ጡረተኛው ጄት መታወቂያ አለው፤ የጎጃሙስ?

ባለፈው ክረምት ወደ አምበር ብቅ ባልሁ ጊዜ በልጅነታቸው ከሞጣ አካባቢ ተሰደው የመጡ አንድ አዛውንት ስለ 1960 ዓ.ም. አጫወቱኝ። «አውሮፕላን መጣ፤ ቤት ተቃጠለ» አሉኝ። «የማን አውሮፕላን ነበር አባባ? ማን ነበር ያበረረው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የመንግሥት ነዋ ልጄ!» ብለው ሣቁብኝ። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ዕረፍት ነሥታኛለች።

ታሪኩ የታወቀ ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የታወጀውን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ ሲነሣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አየር ኃይሉን ላከበት፤ መንደሮች በቦምብ ተደበደቡ። ፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው ጥናታቸው ዐመፁን ተንትነውታል። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። የአውሮፕላኖቹ ቁጥር ግን ለተደበደበው ሕዝብ አልተነገረውም።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ አውሮፕላን እናነጻጽር። ቼኮዝሎቫኪያ ሠራሹ የጄት ማሠልጠኛ ኤል-39 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ከዚያ ክረምት ጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1968 ነው። አየር ኃይላችንም በደርግ ዘመን አስመጥቶ አብራሪዎችን አሠልጥኖበታል። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ በርካታ ኤል-39ዎች ለግለሰቦች ተሸጡ፤ አሜሪካ ውስጥ ባለ ገንዘቦች ለመዝናኛ ያበሯቸዋል። የጦር ሜዳ ቀለም ቢቀቡም በ«ኤን» ፊደል የሚጀምር የምዝገባ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩን ያነበበ ሰው የአቪዬሽኑን መዝገብ ከፍቶ ዓይነቱንና የፋብሪካ ተራ ቁጥሩን ያገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም የባለቤቱን ስም። ቀለም ይቀየራል፣ ባለቤት ይለወጣል፤ የፋብሪካው ቁጥር ግን አይለወጥም። እርግጥ ባለቤቱ ሁልጊዜ አብራሪው አይደለም። በዕለቱ መሪውን የጨበጠው ማን እንደ ነበር የሚመሰክረው የበረራ መዝገብ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ! ለመዝናኛ የሚበር ጡረተኛ ጄት መታወቂያ አለው። የገበሬ ጎጆ ያቃጠለው ግን «የመንግሥት ነዋ!» ተብሎ ይታለፋል።

«ይህ የጦር ምስጢር ነው» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። የምን ምስጢር? የዚያ ዘመን አውሮፕላኖች ዛሬ በሙዚየም ተደርድረዋል፤ ወይም በባዕድ አገር የአየር ትርኢት ላይ ጭስ እየለቀቁ ሕፃናትን ያዝናናሉ። ሌሎች ደግሞ «የአብራሪ ስም ማውጣት ቂም መቀስቀስ ነው» ይላሉ። ይህኛው ስጋት ክብደት አለው። ራሷ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ የግል አውሮፕላን ባለቤት ስሙና አድራሻው ከሕዝብ ዓይን እንዲሰወርለት መጠየቅ እንዲችል ፈቅዳለች። ነገር ግን ሰውየውን መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ አውሮፕላኑን መሸፈን ሌላ። እኔ የማንንም የልጅ ልጅ አንገት ማስደፋት አልሻም። የምጠይቀው የትኛው አውሮፕላን፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ትእዛዝ፣ ምን ተሸክሞ እንደ ተነሣ ነው። የሞተር ጥገና በበረራ ሰዓት ስለሚቆጠር አየር ኃይል ያለ መዝገብ አይበርም። መዝገቡ ካለ ይከፈት፤ ከጠፋም መጥፋቱ በይፋ ይነገረን።

ይህ የአሮጌ ታሪክ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በምሥራቅ ጎጃም መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሲጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች በድሮን ጥቃት መገደላቸውን ገልጾ ነበር። በድሮን ላይ የሚቀመጥ አብራሪ የለም፤ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ግን አለ። የ1960ውን መዝገብ ሳንጠይቅ ከኖርን የ2016ቱን ማን ይከፍትልናል?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የአምበሩ አዛውንት አልረሱም። የወጋቸውን ግን ዛሬም አያውቁትም።

ቸር እንሰንብት።