ልጆቹ ከመሳፈራቸው በፊት ስለ ፕሮፔለሩ ጠይቁ

በዚህ ዓምድ ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ስጽፍላችሁ ኖሬ ዛሬ የጀልባ ፕሮፔለር ሳነሳ «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ መካኒክ ሆኑ?» ማለታችሁ አይቀርም። መካኒክ አልሆንኩም። ከልጅ ልጆቼ ጋር ጣና ላይ ሞተር ቆሞብን የዋልንበት ቀን ነው ያስተማረኝ።

ያለፈውን ፋሲካ የዋልነው ደልጊ ነው። ደልጊ ብዙ ዓመት በነርስነት ያገለገልኩባት የጣና ዳር ከተማ ናት፤ ዘመዶቼ ዛሬም እዚያው አሉ። የወንድሜ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያለው፣ ያገለገለ የፋይበር ጀልባ ገዝቷል። በማግስቱ «እትዬ፣ ዛሬ ሐይቁ ላይ ላንሸራሽራችሁ» አለ። ዘጠኝ ሆነን ተሳፈርን፤ አራቱ ልጆች ናቸው። ዳቦው፣ ዶሮ ወጡ፣ የውሃ ጀሪካኑ ሁሉ ተጫነ።

ከዳር እንደራቅን ነገሩ አላማረኝም። ሞተሩ ያቃስታል፤ የጀልባው ፊት ወደ ላይ ተሰቅሎ ኋላው ውሃው ውስጥ ተዘፍቋል። «ምን ሆኖ ነው?» ብለው «አይስጉ እትዬ፣ ብቻዬን ስነዳው እኮ ይበራል» አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ሞተሩ ጢጥ ጢጥ እያለ ጮኸና ቀጥ አለ። ቀትር አልፎ ነበርና ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ ጎን ለጎን እየመታ ያንገላታን ጀመር። የነበረን የሕይወት ጃኬት አምስት ብቻ፣ ያውም ሁሉም የትልቅ ሰው ልክ። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጃኬቱ ውስጥ ጠፍታ፣ ክንዴን ይዛ «እማማ፣ እንሰምጣለን?» ትለኛለች። አመሻሽ ላይ ዓሣ አጥማጆች አግኝተው ጎትተው ዳር አደረሱን፤ እግዜር ይስጣቸው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕድሜ ልኬን እናቶችን «ልጅሽን ያስከተብሽበትን ካርድ አምጪ፣ መድኃኒቱን የሰጠሽው በስንት ሰዓቱ ነው?» እያልኩ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን የልጅ ልጆች ጀልባ ላይ ሳሳፍር አንድም ነገር አልጠየቅሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

ሞተሩ ባሕር ዳር ለመካኒክ ታየ። ሁለት ነገር ተደራርቦበታል አለን። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ በከፊል በሣር ተዘግቷል፤ ፕሮፔለሩ ደግሞ ከሞተሩ አቅም በላይ ነው። ጀልባው ለሁለት ሰው፣ ከባሕር ወለል እኩል በሆነ ቦታ እንዲሮጥ የተዘጋጀ እንጂ ለጣናና ለዘጠኝ ሰው አይደለም።

እዚህ ላይ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። በፕሮፔለር ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም በኢንች ናቸው። የመጀመሪያው ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ቡሎን ሲጠብቅ በአንድ ዙር ጥቂት ወደፊት እንደሚገባ ሁሉ፣ ፕሮፔለሩም ሳይንሸራተት ቢሄድ በአንድ ዙር ምን ያህል ወደፊት እንደሚራመድ የሚናገር ነው። እኔ የገባኝ በመኪና ማርሽ ስመስለው ነው። ትልቅ ፒች ከባድ ማርሽ ነው፤ ባዶ ጀልባ ያበራል፣ ሲጫን ግን ሞተሩን ያስጨንቃል። የዓባይን በረሃ የሚወጣ አውቶቡስ ሹፌር ማርሹን ዝቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ዝቅ ካላደረገ ሞተሩ ይግላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ውሎ አድሮም ይጎዳል። በተቃራኒው ፒቹ ከልክ በላይ ካነሰ ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ እየጮኸ ይሮጣል፤ ጀልባው ግን ያን ያህል አይሄድም። ይኼም ሞተር ይጎዳል።

የጣና ነገር ደግሞ ለየት ይላል። ሐይቃችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ስድስት ጊዜ ሦስት 18 ነውና፣ 40 ተብሎ የተሸጠው ሞተር ጣና ላይ ወደ 33 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። ሌላ አገር በትክክል ይሠራ የነበረ ፕሮፔለር እኛ ዘንድ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ልኩ እንዴት ይታወቃል? በሙከራ ነው። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ሲሰጠው በደቂቃ ከስንት እስከ ስንት ዙር መድረስ እንዳለበት ይናገራል። የወንድሜ ልጅ ሞተር ከ5,000 እስከ 6,000 ይላል። እንግዲህ ልጆቹን ዳር ትታችሁ በክብደታቸው ልክ ውሃ የሞላ ጀሪካን ጫኑ። ባለ 20 ሊትሩ አንድ ጀሪካን የስድስት ዓመት ልጅ ያህል ይመዝናል። ሐይቁ ጸጥ ባለበት ጠዋት ሞክሩና ዙሩን አንብቡ። እኛ ስንሞክረው በ13 ኢንች ፒች 4,600 ብቻ ደረሰ። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፤ ወደ 10 ኢንች ወርደን 5,100 አገኘን። ማቃሰቱም ቀረ። ለልጅ ሽሮፕ የሚታዘዘው በኪሎው እንደሆነ ሁሉ፣ ፕሮፔለርም የሚመረጠው ጀልባው በሚሸከመው ሰው ልክ ነው።

ስለ ክንፍ ብዛትና ስለ ብረቱ ባጭሩ ልበል። ባለ ሦስት ክንፉ የተለመደው ነው። ባለ አራት ክንፉ ከፍጥነቱ ጥቂት ቢቀንስም ጭነት ሲበዛ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል። የማይዝገው ብረት ጠንካራና ውድ ነው፤ ድንጋይ ሲመታ ግን ምቱ ወደ ማርሹ ሊተላለፍ ይችላል። አሉሚኒየሙ ራሱ ይጣመማል፣ ዋጋውም ይቀላል። የጣና ውሃ ከክረምት ማግስት ሞልቶ እስከ ግንቦትና ሰኔ ስለሚወርድ በበጋ ድንጋዩ ለላይኛው ውሃ ይቀርባል። ስለዚህ ለቤተሰብ ጀልባ አሉሚኒየም፣ ከጎኑም አንድ መለዋወጫና መፍቻው ቢያዝ እመርጣለሁ።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭም ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። የዓሣ መረብ ክርም እንዲሁ፤ ክሩ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ የዘይቱን መከላከያ ጎማ ይቆርጣል፣ ውሃ ያስገባል። ከጉዞ ሲመለሱ ፈትቶ ማየት ነው።

ይህን ሲያጸዱ ግን እንጠንቀቅ። አገልግሎት ላይ ሳለሁ አንድ ወጣት ሞተሩን ሳያጠፋ ሣር ሊያላቅቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ባቱ እስከ አጥንቱ ተቆርጦ መጥቶልናል። ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር ፕሮፔለሩ የዚያን ግማሽ ገደማ ይዞራል፤ ይኼ በሰከንድ 25 ዙር ነው። ባለ ሦስት ክንፍ ከሆነ እግርን በአንዲት ሰከንድ 75 ጊዜ ይመታል። ስለዚህ ከማርሽ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል። ሰው ውሃ ውስጥ ካለ፣ ልጆችም በኋላ በኩል ከወጡ፣ ሞተር አይነሣ። ነጂውም ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ እጁ ላይ ይሰር። አደጋ ከደረሰ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጫኑ፤ ጨርቁ በደም ቢርስም አታንሡት፣ ሌላ ደርቡበትና ሳትለቁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አይረሳ።

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ጀልባው የዘመድም ይሁን የኪራይ፣ ልጆቹ እግራቸውን ከማንሣታቸው በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ይህን ያህል ሰው ጭኖ ተሞክሯል ወይ? ዙሩ ስንት ደረሰ? መለዋወጫ ፕሮፔለርና መቅዘፊያ አለ ወይ? ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሕይወት ጃኬት አለ ወይ? ነጂው ቢቆጣ ይቆጣ። እኔ ያን ቀን ብጠይቅ ኖሮ የወንድሜ ልጅ ቢያፍር ነበር፣ የልጅ ልጄ ግን ያን ጥያቄ አትጠይቀኝም ነበር።

ቸር እንሰንብት።